ሊማሊሞ ሲወራና ሲወረድ

ጎህ ሳይቀድ ከጎንደር መናኸሪያ በሊማሊሞ፣ ከደባርቅ ወዲያ ወደ ቆላ በሚወርደው ጠመዝማዛ የገደል መንገድ፣ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲሞላ፣ ወሬው ከሰው ቀድሞ ይሳፈራል። አምባ ጊዮርጊስ ሳይደረስ አንዱ ስለ ጣሊያን ጥበብ፣ ሌላው ስለ ገደሉ፣ ሦስተኛው ስለ መስኮቱ ጀምሯል። እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለዚህ ሁሉ ይበቃል። ልጅ ሆኜ ሁሉንም አምን ነበር። አሁን ግን ሳስበው አብዛኛው ወይ ግማሽ እውነት ነው፣ ወይ ጭራሹን ስህተት።

«ከጣሊያን በፊት እዚያ መንገድ አልነበረም»

የመኪና መንገድ አልነበረም ቢባል ልክ ነው። መንገድስ ነበረ። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከምፅዋና ከትግራይ የሚመጣው ነጋዴ ደጋውን የሚያገኘው ይህን ግድግዳ ወጥቶ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ሲሆን፣ በጽሑፉ ላይ «ላማልሞን» ይለዋል። አሞሌ የጫነች አህያና የሲራራ ነጋዴ በቅሎ ሲረግጡት የኖሩትን ዳገት፣ መሐንዲሱ በኋላ በድማሚትና በዶማ አሰፋው እንጂ ከባዶ አላገኘውም።

«ጣሊያን ጎንደር የገባው በሊማሊሞ ወጥቶ ነው»

ይህን የሚያወሩ ሰዎች የካሚዮኑን ሰልፍ በዓይናቸው ያዩ ያህል ነው የሚተርኩት። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም ጎንደር የገባው የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ ባለመኪና ጦር ግን ከአስመራ ተነስቶ በምዕራብ ቆላ፣ በኦምሐጀር በኩል ሰቲትን ተሻግሮ የመጣ ነው። በሊማሊሞ ቢያስብ ኖሮ መኪናውን በትከሻው መሸከም ነበረበት። ከአስመራ ጎንደር የሚያደርሰው የመኪና መንገድ ገደሉ ላይ የተቆረጠው ከዚያ በኋላ፣ በወረራው ዓመታት ነው።

«ጣሊያን የሠራው ነው፤ ሳይነካ እስከ ዛሬ ያገለግላል»

እኔን የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። አንደኛ፣ ድንጋዩን ከጣሊያን ሠራተኛ ጋር የፈለጠው የአገሬው ጉልበትም ነው። ሁለተኛ፣ የተራራ መንገድ ሳይነካ አይኖርም። ክረምት ገብቶ ውኃ መሄጃው ቦይ በናዳ ከተደፈነ፣ ጎርፉ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል፤ ጥቂት ክረምት ችላ ቢባል አውቶቡስ ቀርቶ በቅሎም አያልፍበት። ናዳ የጠረጉት፣ ግንብ የጠገኑት፣ ጠጠር ያለበሱት በ1943 ዓ.ም የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትና ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ከጎንደር ደባርቅ ያለው አስፋልትማ በእኛ ዕድሜ የመጣ ነው። አካፋ ይዞ ቦይ ሲጠርግ የዋለውን ሰው ስም ግን ማንም አውቶቡስ ውስጥ አያነሳም።

«መስመሩን የሚዘጋው ተራራው ነው»

ተራራው የሚዘጋው ለሰዓታት ነው፤ ናዳ ሲወርድ፣ ወይ ተሳቢ መጠምዘዣው ላይ ሲቆም። ለወራትና ለዓመታት የዘጋው ጦርነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ እንኳ የጣሊያኑ የኮሎኔል ጎኔላ ጦር ከሊማሊሞ አናት፣ ወልክፊት ላይ መሽጎ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም መንገዱን እንዳነቀ ቆይቷል። ጎንደር ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ጉልዬልሞ ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ነው። በ1990 ዓ.ም የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ አስመራ ድረስ መዝለቅ ቀረ። ሰኔ 2013 ዓ.ም ደግሞ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ፤ የሽሬ መንገደኛም ወንዙ ላይ ቀረ።

«ቁልቁለት በፎሌ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል»

የቀደሙት ቢበዛ ክርክር ያስነሳሉ፤ ይኼ ነፍስ ያጠፋል። ከወልክፊት ጠርዝ ከታች ቆላው ላይ እስካለችው ዛሪማ መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የለቀቀው ሹፌር ያንን ሁሉ ክብደት ለፍሬን ብቻ አሸከመው ማለት ነው። ፍሬን ደግሞ የሚያቆመው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። የፍሬኑ ሸራ ሲግል መያዙ ይላላል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ እግር ቢረገጥም ምላሽ የለም። የንፋስ ፍሬን ከሆነ በየመጠምዘዣው ሲረገጥና ሲለቀቅ የታመቀው ንፋስም ያልቃል።

ነባር ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። በከባድ ማርሽ ሲወረድ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን የሚረገጠው አልፎ አልፎ ነው። የነዳጁም ሒሳብ ቢሆን የተገላቢጦሽ ነው፦ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይሰጥ የሚወርድ የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ነዳጅ አይረጭም፤ በፎሌ ያለው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል።

ሲወጣም «ሞተሩ አርጅቷል» እያሉ ሹፌሩን የሚያሙ አሉ። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። አየር ያጠረው ሞተር እንደኛው ይለከልካል። ውኃም እዚያ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ራዲያተሩ ቶሎ ይንተከተካል። ዳገት ላይ ጄሪካን ይዞ የሚሮጥ ረዳት ያያችሁ ምክንያቱ ይኼ ነው።

«ራስ ዳሽንን አልፈን ነው የወረድነው»

አላለፋችሁትም። ራስ ዳሽን ከዋናው መንገድ ርቆ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ ወርዶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ይሄዳል።

«መስኮት ከተከፈተ ምች ይመታል»

የመጨረሻው፣ ማንም ሊያሸንፈው ያልቻለው ክርክር። መጠምዘዣው ላይ የሚያስመልሰው ነፋስ አይደለም። ዓይን የፊቱን ወንበር ቆሞ ያያል፣ የውስጥ ጆሮ ደግሞ እየዞርን መሆኑን ይናገራል፤ አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድ ይገለበጣል። ሩቅ መመልከትና ንጹሕ አየር ያሽላል። የታፈነው አውቶቡስ፣ የናፍጣውና የፌስታሉ ሽታ ያባብሳል። ሎሚ ማሽተት ይቻላል፣ ማን ይከለክላል።

ጆሮ የሚደፈነውም ነፋስ ስለገባበት አይደለም፤ ስንወርድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር ነው። መዋጥ፣ ማዛጋት፣ ቆሎ መቆርጠም ይከፍተዋል። ሙቀቱም እየወረድን በሄድን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ተኩል ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ደባርቅ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው «ዝጋ እንጂ አንተ ልጅ!» ያሉት አባት፣ ዛሪማ ስንደርስ ጋቢውን አውልቀው መስኮቱን ራሳቸው ይከፍቱታል።