የደም ግፊት መድኃኒቶች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የደም ግፊት መድኃኒቶች ከፍ ያለ ግፊትን አውርደው ስትሮክን፣ የልብ ድካምን እና የኩላሊት ጉዳትን ለመከላከል የሚወሰዱ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን አያድኑም፤ ሲወሰዱ ግፊቱን ይዘው ያቆያሉ፣ ሲቋረጡ ግፊቱ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግፊቱ 140/90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እና ከዚያ በላይ መሆኑ የተረጋገጠ ሰው መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል። የልብና የደም ሥር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ የላይኛው ቁጥር 130 ሲደርስ መጀመር እንዳለበት ይገልጻል። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ከ2017 ጀምሮ 130/80 እና ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ የደም ግፊት ብለውታል፤ በዚህ ሁሉም አገር አልተስማማም።

እስከ 1950ዎቹ ድረስ በሐኪሞች እጅ የነበረው ጥቂት ነው። ታማሚዎች ጨው አልባ የሩዝ ምግብ ብቻ እንዲበሉ ይደረግ፣ ወይም ደም ሥሮችን የሚያጠብቁት ነርቮች በቀዶ ሕክምና ይቆረጡ ነበር። በመርፌ የሚሰጠው ሄክሳሜቶኒየም ግፊትን በእርግጥ ያወርዳል፤ ታማሚው ከአልጋው ሲነሳ ግን ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ሆዱ ይደርቃል። ራውዎልፊያ ከተባለ የሕንድ ተክል በ1952 ለብቻው የተለየው ሬሰርፒን በአፍ የሚወሰድ በመሆኑ ተወደደ፤ በኋላ ግን የድብርት ስሞታ አስከተለ።

ነገሩን የለወጠችው ትንሽ ኪኒን ናት። ክሎሮታያዛይድ በ1958 ለገበያ ስትቀርብ፣ ከእሷ በፊት የነበሩት ኃይለኛ የሚያሸኑ መድኃኒቶች ሜርኩሪ ያለባቸው መርፌዎች ነበሩ። በዓመቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተከተለች፤ በሚሊግራም ሲሰላ አሥር እጥፍ ገደማ ትበረታለች፣ እስከ ዛሬም ከገበያ አልወጣችም። ቀጥሎ ጥያቄው ግፊትን ማውረድ ዕድሜ ያስረዝማል ወይ የሚል ሆነ። ኤድዋርድ ፍሬይስ የመሩት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥናት በ1967 መልሱን ሰጠ። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሬሰርፒን እና ሃይድራላዚን ወሰዱ፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። ከባድ ችግር የደረሰባቸው መድኃኒት ካልወሰዱት 27፣ ከወሰዱት 2 ብቻ ነበሩ። በዚህ ሙያ እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ውጤት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ ይነገራል። ጄምስ ብላክ ለደረት ውጋት የሠሩት ፕሮፕራኖሎል ግፊትንም እንደሚያወርድ በ1960ዎቹ ታየ። ሰርጂዮ ፌሬይራ በብራዚል እባብ መርዝ ላይ በ1965 ያሳተሙት ግኝት ለካፕቶፕሪል መንገድ ጠረገ፤ መድኃኒቱ በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሎሳርታን በ1995 መጣ። የካልሲየም መግቢያን የሚዘጉት፣ በተለይም አምሎዲፒን፣ በዚሁ መሃል ገቡ።

የሚያሸኑት (ታያዛይዶች)። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ክሎርታሊዶን እና ኢንዳፓማይድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨውና ውኃ ያስወጣሉ፤ ሽንቱ ወደ ልማዱ ከተመለሰ በኋላም ደም ሥሮች እንደላሉ ስለሚቆዩ ግፊቱ ወርዶ ይቀራል። ስለዚህ «አሁን አያሸናኝም፣ መሥራት አቁሟል» የሚለው ግምት ስህተት ነው። ለሃይድሮክሎሮታያዛይድና ለክሎርታሊዶን ጥሩው መጠን ጠዋት 12.5 ወይም 25 ሚሊግራም ነው። ከ25 በላይ ሲወጣ በግፊቱ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ሲሆን ፖታሲየም ግን መውረዱን ይቀጥላል፣ የዩሪክ አሲድና የስኳር መጠንም ይጨምራል፤ ሪህ ያለበት ሰው ሌላ ቢፈለግለት ይሻላል። አረጋውያን ላይ ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንዲት አሮጊት ግራ መጋባትና መውደቅ ከጀመሩ «እርጅና ነው» ከማለት በፊት ሶዲየማቸውን መለካት ያስፈልጋል።

ከ33,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈው የ2002 ታላቅ ጥናት ክሎርታሊዶን በጊዜው አዲስና ውድ ከነበሩት ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል እንደማታንስ አሳይቷል። ክሎርታሊዶን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትበልጣለች የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት መቆየቷም እውነት ነው። ይሁንና በ2022 የወጣው ማነጻጸሪያ በስትሮክና በልብ ሕመም በኩል ልዩነት አላገኘም፣ የፖታሲየም መውረድ ግን በክሎርታሊዶን በኩል በዝቷል። ፉሮሴማይድ የሌላ ቤተሰብ ነው። ውጤቱ በስድስት ሰዓት ገደማ ስለሚያልፍ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም የልብ ድካም ላለበት ካልሆነ በቀር ለግፊት ብቻ መታዘዙ አያስኬድም።

አምሎዲፒን እና ዘመዶቹ። አምሎዲፒን በ5 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ወደ 10 ይደርሳል። በሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅ አንድ ቀን መርሳትን ይታገሳል፤ በዚያው ልክ በደም ውስጥ እስኪረጋ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚወስድ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጨመር ችኮላ ነው። የታወቀ ችግሩ የቁርጭምጭሚት እብጠት ነው። ማታ ካልሲ ሲወልቅ የላስቲኩ ምልክት ጎድጉዶ ይታያል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑትም ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። እብጠቱ በሰውነት ውስጥ ውኃ ስለበዛ ሳይሆን ትንንሾቹ ደም ሥሮች በመግቢያቸው በኩል ብቻ ስለተከፈቱ የመጣ ነው። ስለዚህ በፉሮሴማይድ አይጎድልም፤ ያም ሆኖ ለእብጠቱ ፉሮሴማይድ፣ ለፉሮሴማይዱ ደግሞ ፖታሲየም ሲታዘዝ በየቀኑ እናያለን። መፍትሔው መጠኑን ወደ 5 መመለስ ወይም ኢናላፕሪልን ወይም ሎሳርታንን የመሰለ መድኃኒት መጨመር ነው።

ፕሪሎች እና ሳርታኖች። ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ደም ሥርን የሚያጠብቀው አንጂዮቴንሲን ሁለት እንዳይሠራ ይከለክላሉ። የሚያግዱት ኢንዛይም ብራዲኪኒን የተባለውን የሰውነት ንጥረ ነገርም የሚያፈርስ በመሆኑ ብራዲኪኒኑ ይጠራቀምና አክታ የሌለው፣ ጉሮሮን የሚኮረኩር ደረቅ ሳል ይመጣል። በሽሮፕና በአንቲባዮቲክ አይለቅም፤ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በአራት ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ያን ጊዜ ከሳርታኖች አንዱ የሆነው ሎሳርታን (ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም) ይተካል። የከንፈር፣ የምላስ ወይም የፊት እብጠት ከታየ ግን ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ከፕሪሎች አንዳቸውም ዳግመኛ አይሰጡም። ችግሩ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል።

ፕሪሎችም ሆኑ ሳርታኖች ከተጀመሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ፖታሲየምና ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) መለካት አለባቸው። ክሬቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር ይጠበቃል፤ ከዚያ ካለፈ መመርመር አለበት። «የጨው ምትክ» እየተባሉ የሚሸጡ ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆኑ ከእነዚህ ጋር አይሄዱም። ፕሪልና ሳርታን ባንድ ላይ አይሰጡም። በእርግዝና ሁለቱም ፅንሱን ስለሚጎዱ የተከለከሉ ናቸው፤ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዙት ሜቲልዶፓ፣ ላቤታሎል ወይም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ኒፌዲፒን ናቸው።

ሌሎቹ። አቴኖሎልና መሰሎቹ (ፕሮፕራኖሎል ያለበት ቤተሰብ) የልብ ሕመም ለሌለበት ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ይሁኑ አይሁኑ ያከራክራል፤ የ2023 የአውሮፓ መመሪያ ወደ ዝርዝሩ መልሷቸዋል። አስም ላለበት ያሰጋሉ፣ በድንገት ሲቋረጡም የልብ ምትና ግፊት ይፈነዳል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እየተቀነሱ ይቆማሉ። ክሎኒዲን የተባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት በዚህ በኩል ይብሳል። ሦስት መድኃኒት ላልበገረው ግፊት አራተኛው 25 ሚሊግራም ስፓይሮኖላክቶን ነው፤ በወንዶች ላይ ጡት ሊያሳብጥ ይችላል።

አንድን መድኃኒት እስከ ጣሪያው ከማውጣት ሁለቱን በትንሽ መጠን መስጠት ይበልጣል። የመደበኛው መጠን ግማሽ ከሙሉው ውጤት አራት አምስተኛ ያህሉን ይሰጣል፤ አብዛኞቹ የጎንዮሽ ጉዳቶች ደግሞ ከመጠኑ ጋር አብረው ይጨምራሉ። በ2019 ከሰሃራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች የተደረገ ጥናት አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምረቶች፣ ማለትም ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ከፔሪንዶፕሪል ጋር የተሰጡት፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምረት የተሻለ ግፊት እንዳወረዱ አሳይቷል። ሁለቱ በአንድ ኪኒን ሲሆኑ የሚረሳውም ይቀንሳል። ጠዋት ወይስ ማታ ለሚለው፣ ከ21,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የ2022 ጥናት ልዩነት አላገኘም፤ የማይረሳው ሰዓት ይመረጥ።

ግፊቱ አልወርድ ሲል መጠን ከመጨመር በፊት የሚፈተሹ ነገሮች አሉ። ጠባብ የመለኪያ ጨርቅ በወፍራም ክንድ ላይ ቁጥሩን ያንራል፤ ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ ያስፈልጋል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመድኃኒቶቹን ሥራ ያዳክማሉ፤ ፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ሲጨመሩማ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክሙ ይችላሉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰውም ፕሪሉንና የሚያሸናውን እስኪሻለው ስለማቆም ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ኒፌዲፒን አይሰበርም፣ አይታኘክም፣ አይፈጭም፤ እንዲህ ከተደረገ ለቀን የታሰበው በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ከዚህ ዓይነት አንዳንዱ መድኃኒቱን አራግፎ ባዶ ቅርፊቱ በሰገራ ሲወጣ ኪኒኑ እንዳለ የወጣ ይመስላል፤ ሥራውን ጨርሷል፣ ሌላ መድገም አያስፈልግም። ፈጣኑን የኒፌዲፒን ካፕሱል በስቶ ምላስ ሥር ማንጠባጠብ ደግሞ ግፊቱን ሳይታሰብ ወደ ታች ጥሎ ስትሮክና የልብ ሕመም ስላስከተለ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተነቀፈ አሠራር ነው።