ኮብላይ ኤሌክትሮን ምንድን ነው?

ማታ ከሥራ መውጫ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የሚወርድ ሰው ራስ መኮንን ድልድይ እስኪደርስ ስንቴ ይቆማል? አንዱ ሰላም ይለዋል፣ አንዱ ትከሻውን ይገጨዋል፣ ሎተሪ አዟሪው ፊቱ ይደቀናል። ያው ሰው እየሮጠ ቢመጣ ግን የሚይዘው የለም። እጅ ሳይዘረጋለት አልፏል።

ቶካማክ በሚባለው፣ የአተም እምብርቶችን አዋሕዶ ኃይል ለማውጣት በተሠራው የፊውዥን መሣሪያ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮንም እንዲሁ ነው። እዚያ በማግኔት ታጥሮ የሚዞረው ፕላዝማ፣ ማለት ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ፣ እስከ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ይግላል፣ ብርቱ ኮረንቲም ያልፍበታል። ደቡብ ፈረንሳይ በመገንባት ላይ ባለው ኢተር በተባለው ግዙፍ ቶካማክ 15 ሚሊዮን አምፔር እንዲደርስ ታስቧል። የኤሌክትሪክ መስኩ ኤሌክትሮኑን ይገፋዋል፣ ከሌሎች ጋር መጋጨቱ ደግሞ ይይዘዋል። መኪና በፈጠነ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ይከብደዋል፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኤሌክትሮኑ በፈጠነ ቁጥር የሚይዘው ኃይል ይላላል። ከአንድ ወሰን ካለፈ በኋላ የብርሃንን ፍጥነት እስኪጠጋ ይከንፋል። ስኮትላንዳዊው ፊዚሲስት ሲ ቲ አር ዊልሰን ይህን ሐሳብ በ1925 እ.ኤ.አ. ያነሳው ስለ ነጎድጓድ ደመና ሲያጠና ነበር።

እንዲህ ያመለጠውን ኤሌክትሮን እንግሊዝኛው «ራናዌይ» (runaway) ይለዋል፤ «ሯጭ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። እኔ «ኮብላይ»ን እመርጣለሁ፤ ሯጭ የሚቆምበትን መስመር ያውቃል።

አንድ የፊዚክስ ተማሪ አራት ኪሎ ሻይ ቤት ውስጥ «ፕላዝማው ከመጠን በላይ ሲግል ነው አይደል የሚያመልጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የሚያስፈራው ግን ድንገት ሲበርድ ነው። ደብተሩ ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር ሣልኩለት፦ የሙቀቱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ወደ ታች ሲወድቅ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ሽቅብ ሲወጣ። ኮረንቲው መቀነስ ይጀምራል፤ ግን ኮረንቲ በድንገት ቁም ሲሉት እሺ አይልም። የሚሠራ ሞተር ሶኬቱ ሲነቀል ብልጭ የሚለው ለዚህ ነው። በቶካማኩ ውስጥም ይኸው እምቢታ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይወልዳል፣ ኤሌክትሮኖቹም ይኮበልላሉ። አንዱ ኮብላይ ዝግ ያለውን ሲገጨው እሱንም ያስኮበልለዋል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ይረባሉ። መጀመሪያ የነበረው ኮረንቲ ትልቅ በሆነ መጠን ርቢው እጅግ ስለሚያይል፣ በትንንሽ መሣሪያዎች የተቻለ ነገር ኢተር ላይ ይበቃል ማለት አይደለም።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀጭን ጨረር ተሰብስበው ግድግዳው ላይ ሲያርፉ ብረት ያቀልጣሉ። እንግሊዝ አገር ከ1983 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በሠራው ጄት (JET) በተባለው ቶካማክ ውስጥ የቤሪሊየም ንጣፎች ቀልጠዋል።

መከላከያው ከሰው ግርግሩ ይመነጫል፤ መንገዱን በሰው መሙላት ነው። ኢተር የመረጠው ዘዴ የሃይድሮጅንና የኒዮን በረዶ በቱቦ ተኩሶ፣ መታጠፊያው ላይ አድቅቆ ፕላዝማው ውስጥ መርጨት ነው። እፍጋቱ ሲጨምር ለመኮብለል የሚያስፈልገው መስክም ይጨምራል።

ካመለጡ በኋላስ? በጄትና አሜሪካ በሚገኘው ዲ-ሦስት-ዲ (DIII-D) በተባለው ቶካማክ የተሞከረው መንገድ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ብዙ ዲዩተሪየም (ከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት) ወይም ተራ ሃይድሮጅን ሲጨመር ጨረሩ ይናወጥና ኮብላዮቹ በአንዴ ተበታትነው ሰፊ ግድግዳ ላይ ያርፋሉ። ጉልበቱ አንድ ቦታ ሳይከማች ስለሚከፋፈል ግድግዳው ይተርፋል።

ለዚያ ተማሪ የነገርኩት የመጨረሻው ነገር ፕራግ ስላለችው ጎለም የምትባል ትንሽ ቶካማክ ነው። ከሌላ አገር ያሉ ተማሪዎችም በኢንተርኔት ያንቀሳቅሷታል። ኮብላዮቹ ግድግዳ ሲመቱ የሚወጣው ራጅ በመለኪያው ላይ እንደ እሾህ ብቅ ብሎ ይታያል። ስልኩን አወጣና አድራሻውን እዚያው መፈለግ ጀመረ።