መቃብር የባከነ መሬት ነውን?

«ከተማው መሬት ጠቦት እያለ ይህን ያህል ስፋት ለሙታን?» በቀብር ላይ በሹክሹክታ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ከእርሱው እንጀምር።

«መሬቱ ለሕያዋን የሚሰጠው ነገር የለም።»

የቪየና ማዕከላዊ መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1874 ተከፈተ። ስፋቱ ሁለት ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዛፎቹ ሥር አጋዘን ይግጣል፤ በመቃብሮቹ መካከል ደግሞ ሀምስተር ጉድጓዱን ይምሳል። ይህ ጉንጨ ሰፊ የአይጥ ዘመድ ከአውሮፓ እርሻዎች እየጠፋ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል። እዚህ ግን ለሙታን የተለኮሰውን ሻማ ሰሙን እየቀረጠፈ ይኖራል። (የእኔ ሻማ ቢሆን አልቀየምም።) በመቃብር ላይ ፎቅ አይሠራም፤ ሌሊት በሩ ተዘግቶ ጸጥ ይላል፤ ዛፉም ቆራጭ ሳይመጣበት መቶ ዓመት ይቆማል።

«ሣር ከወረሰው ተረስቷል ማለት ነው።»

በፓሪሱ የፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ሣሩ የበዛው በውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአረም ማጥፊያ መድኃኒት መርጨት ቀርቷል። በ2020 የቀበሮ ግልገሎች በመቃብሮቹ መካከል ሲቦርቁ ታይተዋል።

«እብነ በረድ ለሟች ክብር፣ ለግቢው ጌጥ ነው።»

ይህ የእኛው ነው፤ የሚያናድደኝም እርሱ ነው። በአዲስ አበባ በብዙ አድባራት ግቢ በጽድና በወይራ ሥር የነበረው አፈር በሲሚንቶ ተለብጧል። የክረምቱ ዝናብ መስረጊያ አጥቶ በደጁ ይጎርፋል፤ ሥሩም ውኃና አየር ያጣል። አባቶች ደን የሌለውን ቤተ ክርስቲያን እርቃኑን ከቆመ ሰው ጋር ያመሳስሉታል። እውነትም የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሲሆን ደኑን ያቆየው ቅጥሩ ነው። ለሟች ስሙ የተጻፈበት አንድ ድንጋይ ከበቂ በላይ ነው፤ ቀሪው አፈር ይተንፍስ።

«አረንጓዴ እስከሆነ ዛፍ ሁሉ አንድ ነው።»

አይደለም። ባሕር ዛፍ ለአጥርና ለማገዶ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ውኃውን ግን አብዝቶ ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም። ወይራ ይዘገያል፤ ከሥሩ የተኛው ግን አይቸኩልም። ጽድ፣ ዝግባ ወይም ዋንዛ መትከል የፈለገ ጉድጓዱን ከሐውልቱ መሠረት አርቆ በሰኔ ይቆፍር፤ በበጋው ውኃ የሚያጠጣውንም ሰው አስቀድሞ ያነጋግር።