የጥርስ ውስጠኛ ሥጋ ሲቆጣ፦ የሊምፍ ቧንቧዎቹ ነገር

ጥርስ ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውስጡ ግን ሕያው ሥጋ ነው። ሐኪሞች ፐልፕ ይሉታል፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ነርቩ» ነው የሚባለው። ነርቭ ብቻ ግን አይደለም። የደም ሥር አለው፣ የመከላከያ ሴሎች አሉት፣ ዴንቲን (ፐልፑን የከበበውን ጠንካራ የጥርስ ክፍል) የሚሠሩ ሴሎችም ዳር ዳሩን ተሰልፈውበታል። ከጤነኛ ጥርስ ሲወጣ ሮዝ ቀጭን ክር ይመስላል። በአማካይ 0.02 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አንድ የውኃ ጠብታ እንኳ አይሞላም። ሌሊቱን ሙሉ እየጠዘጠዘ እንቅልፍ የሚነሳን እንግዲህ ይሄ ነው።

ጣጣው ያለው ቤቱ ላይ ነው። ጣት ሲቆስል ያብጣል፣ ቆዳውም ይለጠጥለታል። ፐልፕ የሚለጠጥ ግድግዳ የለውም። ዋናው መውጫ በሥሩ ጫፍ ያለች፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር የምትጠብ ቀዳዳ ናት። ደም የሚገባውም የሚወጣውም በዚያችው ነው።

ጥርሱ ሲቦረቦር ባክቴሪያዎችና መርዛቸው በዴንቲን ቀጫጭን ቱቦዎች በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። የመከላከያ ሴሎች ይሰበሰባሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ይላላል፤ ውኃና ፕሮቲን ወደ ሥጋው ይፈሳል። ብግነት ማለት ይሄ ነው። በሌላው የሰውነት ክፍል ቢሆን የተረፈውን ውኃ፣ ፕሮቲኑንና ሴሎቹን ሰብስበው የሚወስዱት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው፤ እንደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ማለት ነው። አሠራራቸውም ደስ ይላል። ግድግዳቸው በቀጫጭን ክሮች ከአካባቢው ሥጋ ጋር ታስሯል። ሥጋው በውኃ ሲወጠር ክሮቹ ይስቡታል፣ ቧንቧውም ይከፈታል። እብጠቱ ራሱ በሩን ይከፍታል እንደማለት ነው።

ታዲያ ፐልፕ ውስጥ ይሄ ቦይ አለ ወይ? ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩ ሰዎች «አለ» ብለዋል፤ ቀይ የደም ሴል የሌለበት፣ ግድግዳው የሳሳ ቧንቧ አግኝተናል ይላሉ። የሊምፍ ቧንቧን ለይቶ ያሳያል በሚባል ማቅለሚያ ደግሞ የሞከሩ አሉ። አንዳንዶቹ አገኘን ሲሉ ሌሎቹ በጤነኛውም በተቆጣውም ጥርስ ፈልገው አጥተዋል።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ላይቭ-1 የሚባለው ምልክት፣ ማለትም ማቅለሚያው የሚይዘው ፕሮቲን፣ በሊምፍ ቧንቧ ላይ ይገኛል፤ ግን ማክሮፋጅ በሚባሉት የመከላከያ ሴሎችም ላይ ይገኛል። ፐልፕ ሲቆጣ ደግሞ ማክሮፋጅ ይበዛል። ማቅለሚያው ደመቀ ማለት ቧንቧ በዛ ማለት አይደለም። ቪኢጂኤፍአር-3 የተባለውም ቢሆን በአንዳንድ ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ይታያል። ስለዚህ «በብግነት ጊዜ የፐልፕ ሊምፍ ቧንቧዎች ይበዛሉ» የሚል ነገር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው በስንት ምልክት እንዳረጋገጡት ነው። በአንድ ብቻ ከሆነ ብዙም አይጥመኝም።

ሐሳቡ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በቆዳና በሌሎች ሥጋዎች ብግነት ሲኖር ማክሮፋጆች ቪኢጂኤፍ-ሲ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ እሱም አዲስ የሊምፍ ቧንቧ እንዲያቆጠቁጥ ያደርጋል። ፐልፕም ለምን ይለያል ብሎ መጠየቅ ያባት ነው።

ቦዩ ኖረም አልኖረም፣ ከፐልፕ ውኃ መውጣቱ አይቀርም። ድሮ ፐልፕ ሲያብጥ በሥሩ ጫፍ ያለውን ደም ሥር አንቆ ወዲያው ራሱን ይገድላል ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 በድመቶች ጥርስ ላይ የታተመ ልኬት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በተቆጣው ቦታ ግፊቱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ፣ እዚያው ጥርስ ውስጥ ትንሽ ራቅ ብሎ 7 ገደማ ነበር። ግፊቱ ሙሉውን ክፍል አላናወጠም። ውኃው ጤነኛ ወደሆኑት የደም ሥሮች እየተመለሰ፣ ሲቻልም በሥሩ ጫፍ እየሾለከ ይቀንሳል ማለት ነው። መቦርቦሩ በጊዜ ተጠርጎ ከተሞላ ፐልፑ የሚያገግመው አንድም ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ይህን በዓይኑ የሚገምትበት መንገድ አለ። ፐልፑን ሲነካው ይደማል። እርጥብ ጥጥ ጫን አድርጎ ይጠብቃል። ደሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቆመ የቀረው ሥጋ ሊተርፍ ይችላል። አልቆም ካለ ብግነቱ ጠልቋል፤ ወሬው ወደ ሩት ካናል፣ ማለትም ፐልፑን አውጥቶ ውስጡን ወደ መሙላት፣ ይዞራል። ቅርንፉድ መንከስ ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ ጀርሙን ከጥርስ አያስወጣም።

ፐልፑ ከሞተ ደግሞ የቦዩ ክርክር ያበቃል። ባክቴሪያው በሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ መንጋጋ አጥንቱና ወደ ድዱ ይወጣል። በድዱ የሊምፍ ቧንቧ ስለመኖሩ የሚከራከር የለም። የታች የፊት ጥርሶች በአብዛኛው ከአገጭ ሥር ወዳሉት ዕጢዎች፣ ሌሎቹ ደግሞ ከመንጋጋ ሥር ወዳሉት ያፈሳሉ። ጥርሱን የታመመ ሰው አገጩን እየዳበሰ «ንፍፊት ወጣብኝ» የሚለው ያኔ ነው።