«ካላቃጠለ አይሠራም»፦ ስለ መዓዛማ ዘይቶችና ስለ ሕመም የምንሰማቸው ስህተቶች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ቀኔን የማሳልፈው ወገባቸውን፣ አንገታቸውን ወይም ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ሰዎች ጋር ነው። ስለ ኢሴንሻል ኦይል ሳይጠይቀኝ የሚወጣ ታካሚ ብርቅ ነው። እነዚህ ከዕፅዋት የሚወጡ መዓዛማ ዘይቶች ጥቅም አላቸው፤ አንዳንዶቹን እኔም በሥራዬ እጠቀምባቸዋለሁ። የሰለቸኝ አብሯቸው የሚዞረው ወሬ ነው። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ አንድ አለ፤ እሱን በሰፊው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ትንንሾቹን ላንሳ።

«ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም። ዘይቱ ብዙ ቅጠል በእንፋሎት ተነጥሮ የሚገኝ ብርቱ ነገር ነው። ትንሽ የባሕር ዛፍ ዘይት እንኳ የጠጣ ሕፃን ሊንዘፈዘፍና ራሱን ሊስት ይችላል።

«ከጡንቻ ውስጥ መርዝ ያወጣል»

የትኛውን መርዝ ብዬ ስጠይቅ አብዛኛው ሰው «ላክቲክ አሲድ» ይለኛል። እሱን ስፖርት ከሠራችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሰውነታችሁ ራሱ ያስወግደዋል። በማግስቱ የሚያማችሁ የጡንቻ ክሮቹ በጥቂቱ ስለተጎዱ ነው።

«ቴራፒዩቲክ ግሬድ ከተባለ መድኃኒት ነው»

ትርጉሙ «ለሕክምና የሚበቃ ደረጃ» ነው፤ ግን ይህን ደረጃ የሚሰጥ ገለልተኛ ተቋም የለም። ሻጮች ያወጡት ስም ነው። «100 ፐርሰንት ንጹሕ» የሚለውም ምንም አልተቀላቀለበትም ማለት ብቻ ነው። ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባችሁ ደግሞ ያኔ ነው።

«ሁለት ሦስት ጠብታ በውሃ ቢጠጡት ከውስጥ ያሽራል»

ዘይትና ውሃ አይዋሐዱም። ጠብታው ከላይ ይንሳፈፍና ጉሮሯችሁንና ጨጓራችሁን እንዳለ ያገኛቸዋል። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ጠብ ማድረግም ችግሩ ያው ነው፤ የተንሳፈፈው ዘይት ሳይቀጥን ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ሐኪም ካላዘዘ አይጠጣም፣ አለቀ።

«ካላቃጠለ አይሠራም»

አሁን ወደ ዋናው። ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። «ሲያነደኝ ነው የሚሻለኝ።» «ሲያቃጥል በሽታውን እየሳበው ነው።» «ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ።» እንዲህ የሚያስብ ሰው ዘይቱ ማቃጠሉን ሲተው ሠራ አይልም፤ ይጨምርበታል። ዘይቱን አቅጥኖ የሰጠሁት ሰው ደግሞ «ይሄማ ውሃ ነው» ብሎ ቅር ይለዋል።

እስቲ ቆዳ ላይ የሚሆነውን እንየው። ፔፐርሚንት ከሚባለው የናና ዓይነት የሚወጣው ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ሜንቶል ነው። ቅዝቃዜን ለአንጎል በሚያሳውቁት ነርቮቻችን ላይ ቲአርፒኤም8 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ሜንቶል እሱን ሲቀሰቅሰው አንጎል «ቀዘቀዘ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ቆዳችሁ በረዶ ተይዞበት እንደሚቀዘቅዘው አልቀዘቀዘም፤ መልእክቱ ብቻ ነው የመጣው። ይህ ተቀባይ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን የሙቀትና የንክኪ ተቀባዮችን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ስለዚህ ነገሩ ምስጢር አይደለም።

አዲሱ ስሜት የነበረውን ሕመም ለጊዜው ይሸፍነዋል። ይህን አላቃልለውም። ሕመሙ ጋብ ሲልላችሁ ትንቀሳቀሳላችሁ፤ ለወገብ ደግሞ መንቀሳቀስን የመሰለ የለም። ነገር ግን የቅዝቃዜው ወይም የማቃጠሉ ብርታት መድኃኒቱ ምን ያህል ጥልቀት እንደደረሰ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የቆዳችሁ ነርቮች ምን ያህል እንደተቀሰቀሱ ነው።

ሜንቶል ሲበዛ ደግሞ ራሱ ያሳምማል። ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰው ላይ ሆን ብለው የቅዝቃዜ ሕመም ለመፍጠር ሲፈልጉ 40 ፐርሰንት ሜንቶል ያለው ፈሳሽ ቆዳው ላይ ያደርጋሉ። ባልቀጠነ የፔፐርሚንት ዘይት ውስጥ ያለው ሜንቶል ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 55 ፐርሰንት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩዋቸው። «እየሠራ ነው» ብላችሁ የምትችሉት ሕመም ላቦራቶሪ ውስጥ ሕመም ለመፍጠር የሚጠቀሙበት ነው።

አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ነበሩ። ልጃቸው ያልቀጠነ ዘይት ቀባቻቸው። አልበቃ ብሏት በፕላስቲክ ጠቀለለችው፤ በላዩ የሞቀ ውሃ የያዘ ላስቲክ አስቀመጠችበት። ሲያቃጥላቸው «ቻዪው እማዬ፣ እየሠራ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ቻሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ጉልበታቸው ዙሪያውን ውሃ ቋጥሮ ነበር። ቁስሉ እስኪድን እንቅስቃሴው ቀረ፤ እንቅስቃሴው ሲቀር ጡንቻቸው ሰለለ። ከመጀመሪያውም ብሰው ነው ሕክምናውን የጀመርነው። ልጅቱ ክፉ አስባ አይደለም። የሰማችውን ነው ያደረገችው። የምናደደውም ለዚህ ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2012 ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጡ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ማሻ ቅባቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባል የአስፕሪን ዘመድ ያለባቸው ቅባቶች አልፎ አልፎ ከባድ ቃጠሎ አድርሰዋል። እንግዲህ እነዚያ ተመጥነው የተዘጋጁ ናቸው። እናንተ ከጠርሙስ በቀጥታ የምታፈሱት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ሌላም አለ። ከቅባቱ የምታገኙት እፎይታ ትልቁ ድርሻ ከእጅ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ የንክኪና የግፊት መልእክት አከርካሪ ውስጥ የሕመሙን መልእክት መንገድ ያጠብበታል። ስትጋጩ ወዲያው ቦታውን የምታሹት ለዚህ ነው። ዘይቱ ሳያቃጥል እጅ ካንሸራተተ ሥራውን ሠርቷል።

ታዲያ እንዴት እንቀባ? በ30 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም የኮኮናት ዘይት ውስጥ 12 ጠብታ ገደማ ጨምሩ፤ 2 ፐርሰንት ይሆናል። ቆዳቸው ለሳሳ አዛውንት 6 ጠብታ ይበቃል። መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቁስል ላይ አትቀቡ፣ አትጠቅልሉት፣ ሙቀት አትያዙበት። ከቀባችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ረስታችሁ ዓይናችሁን ልትነኩ ትችላላችሁ። ካቃጠላችሁ በጨርቅ ጠርጋችሁ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ መቻል የለም። ያረጀ ዘይትም ጣሉት። አየር ሲያገኘው ይለወጥና ቆዳን ያስቆጣል፤ ላቬንደርና ቲ ትሪ በዚህ ይታወቃሉ። ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ወይም የቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ) ዘይት ቀብታችሁ ደግሞ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ፀሐይ አትውጡ፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያጠቁራል።

«ቅባት ስለሆነ ደም ውስጥ አይገባም»

ይገባል። ዊንተርግሪን ከሚባል ተክል የሚወጣው ዘይት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፤ የአስፕሪን ዘመድ። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትሩ፣ ከ7 ግራም ገደማ አስፕሪን ጋር ይስተካከላል። ያ 325 ሚሊ ግራም ከሆነው እንክብል ከ20 በላይ ነው። ልጅ ቢጠጣው ሊገድለው ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደጋግሞ ቢቀባው ደግሞ የደም መፍሰስ ሊያመጣበት ይችላል። ዋርፋሪን እየወሰዱ ትከሻቸውን ጠዋት ማታ የሚያሹበት አባት ነበሩኝ፤ ክንዳቸው ያለ ምክንያት ይበልዝ ነበር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ ይህን ዘይት ተዉት።

«ለራስ ምታት የሚሠራው ሽታው ነው»

ለውጥረት ራስ ምታት ጥሩ ማስረጃ ያለው መቀባቱ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት 10 ፐርሰንት የፔፐርሚንት ዘይት በአልኮል ተበጥብጦ ግንባርና ሰሪሳራ ላይ ሲቀባ ከ1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ጋር ተቀራራቢ ውጤት ሰጥቷል። 10 ፐርሰንት መሆኑን ልብ በሉ፤ 100 አይደለም።

«የቅርንፉድ ዘይት የጥርስ በሽታ ያድናል»

ዩጀኖል የሚባለው ንጥረ ነገሩ ያደነዝዛል። ጥርሱ ግን መቦርቦሩን ይቀጥላል። ያልቀጠነ ከሆነ ድዱንም ያቃጥላል። ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ድረስ ብቻ።

«ለሕፃን ትንሽ ቢቀባ ምን አለው»

ብዙ አለው። ሜንቶል፣ ካምፎር ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት ያለበትን ነገር በሕፃን ፊትና አፍንጫ አካባቢ አታድርጉ። ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል።

«ሕመም ሁሉ በማሸት ይለቃል»

የሚደነዝዝ እግር ወይም ሽንት መቆጣጠር ያቃተው የወገብ ሕመም፣ ትኩሳት ያለው ያበጠ መገጣጠሚያ፣ ደረት ጀምሮ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት፤ እነዚህ የዘይት ጉዳይ አይደሉም። በአንድ እግር ብቻ ባት አብጦ፣ ሞቆ ካመማችሁ ደግሞ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። አትሹት፣ ማንም እንዲያሸውም አትፍቀዱ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።