«ሚ በፋ አንጻር»፦ የሙዚቃው ዲያብሎስ አባባል ትርጓሜና አመጣጥ

በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ውስጥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ አንድ አጭር የላቲን አባባል አለ፤ እርሱም «ሚ ኮንትራ ፋ ኤስት ዲያቦሉስ ኢን ሙዚካ» የሚል ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሚ በፋ አንጻር ሲቆም በሙዚቃ ውስጥ ዲያብሎስ ነው» እንደ ማለት ይሆናል። ብላክ ሜታል የተባለው የከባድ ሮክ ዘርፍ ጊታር ተጫዋቾች ጨለማና ሻካራ ኮርዶችን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ የድምፆች ስብስቦችን፣ ስለ መሥራት ሲነጋገሩ ይህን አባባል ያነሡታል፤ የሚያነሡት ግን አብዛኛውን ጊዜ የኋለኛውን ግማሽ፣ ማለትም ዲያብሎስ የሚለውን ክፍል ብቻ ነው። እንደ እኔ እምነት የአባባሉ ምስጢር ያለው በተዘነጋው በፊተኛው ግማሽ፣ በተለይም «ኮንትራ» በምትለው ቃል ላይ ነው። «አንጻር» የምትለው የእኛ ቃል ፊት ለፊት መቆምንም መነጻጸርንም አንድ ላይ ስለምትይዝ ይህን ሐሳብ በሚገባ ታደርሰዋለች።

አመጣጡን ለመረዳት ወደ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው መነኩሴ የአሬትሶው ጊዶ ዜማ የሚማሩ ልጆች ያልሰሙትን መዝሙር ከጽሑፍ አንብበው እንዲያዜሙ ለማስቻል ስድስት ድምፆችን በስድስት ቀለማት፣ ማለትም በአጫጭር የቃል ክፍሎች፣ ሰየማቸው፤ እነርሱም ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ናቸው። ቀለማቱ የተወሰዱት ለመጥምቁ ዮሐንስ ከሚዘመር አንድ መዝሙር ነው። በዚህ የድምፆች መሰላል ውስጥ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ትንሹ የድምፅ ርቀት፣ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ፣ በሚ እና በፋ መካከል ነው፤ ስለዚህ ዘማሪው ሚን ካወቀ ፋ ወዴት እንዳለ አያጣውም፤ ሁለቱም የጎረቤት ያህል ይቀራረባሉ። ዜማው ከስድስቱ ድምፆች ሲያልፍ ግን ከአንዱ መሰላል ወደ ሌላው መሻገር የግድ ይሆናል፤ ከጊዶ በኋላ የተደራጀውም ሥርዓት መሰላሉ በፊደል ሲ (C)፣ ጂ (G) ወይም ኤፍ (F) ከሚባሉት ድምፆች እንዲነሣ ይፈቅዳል። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከጂ በሚነሣው መሰላል ሚ የሚባለው ቢ ነው፤ ከሲ በሚነሣው ፋ የሚባለው ኤፍ ነው፤ ከኤፍ በሚነሣው ደግሞ ፋ የሚባለው ቢ ፍላት፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ቢ፣ ነው። የአንዱን መሰላል ሚ በሌላው መሰላል ፋ አንጻር ያቆመ ሰው ወይ ቢን ከኤፍ ጋር ያጋጥማል፣ ወይ ቢን ከቢ ፍላት ጋር ያጋጫል። የመጀመሪያው ሦስት ሙሉ ድምፅ የሚሰፋ ርቀት ስለሆነ ትራይቶን ይባላል፤ ሁለተኛው ለአንድ ቦታ የሚሻሙ ሁለት ድምፆች ግጭት ነው።

እንግዲህ አባባሉ በመነሻው የመምህር ማስጠንቀቂያ ነበር ማለት ነው፤ በስም የሚጎራበቱ ነገር ግን ከተለያየ ቤት የመጡ ሁለት ቀለማት ሲገናኙ ጆሮ እንደሚታወክ ተማሪው እንዳይረሳ በአጭሩ የሚነግር። በጽሑፍ ግልጽ ሆኖ የምናገኘው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው የኦርጋን ሊቅ አንድሬያስ ቬርክማይስተር እ.ኤ.አ. በ1702 የቀደሙት መምህራን ትራይቶንንም የግማሽ ድምፅ ግጭትንም በዚህ ስም ይጠሩ እንደነበር ጽፏል፤ ኦስትሪያዊው ዮሐን ዮሴፍ ፉክስም በ1725 በታተመው የድርሰት መማሪያው ውስጥ አባባሉን ጠቅሶታል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ድምፅ በሕግ ከልክላ፣ የተጠቀመበትንም ታወግዝ ነበር የሚለው በሰፊው የሚነገር ታሪክ ግን ማስረጃ አልተገኘለትም። ይህ ታሪክ ለአልበም ሽፋን የሚያምር ቢሆንም፣ እውነተኛው አመጣጥ ለጊታር ተጫዋች የበለጠ ይጠቅመዋል። «ዲያብሎስ» የሚለው የእኛ ቃልና «ዲያቦሉስ» የሚለው የላቲኑ ቃል ሁለቱም የተገኙት ከአንድ የግሪክ ሥር ሲሆን፣ ግሱ ማጣላትን፣ ስም ማጥፋትን፣ በመካከል ገብቶ መለያየትን ያመለክታል። ሥራው ማጣላት የሆነን አካል ስም ለሁለት ድምፆች ጠብ ማዋል ከፍርሃት ብቻ የመጣ ሳይሆን ጠቢብ ስያሜ ነው።

ይህ ጠብ ወደ ከባድ ጊታር የገባበት ጊዜ በደንብ ይታወቃል። የበርሚንግሃሙ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ ብላክ ሳባዝ በተባለው ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው የመጀመሪያ አልበም መክፈቻ ላይ ጂን፣ ከዚያ የላይኛውን ጂ፣ ከዚያም ሲ ሻርፕን (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውን ሲ) በዝግታ በማስከተል ትራይቶንን የሜታል መታወቂያ አደረገው። የብላክ ሜታል ስም የመጣው ቬኖም የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1982 ካወጣው አልበም ነው፤ ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀውን የጊታር ቋንቋ የቀረጹት ግን ኖርዌያውያን ናቸው። ቶርንስ የተባለው ቡድን ስኖሬ ሩክና ሜይሄም የተባለው ቡድን ኦይስታይን ኦርሴት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተለመደውን የሁለት ድምፅ ፓወር ኮርድ ትተው፣ ብዙ ክሮችን አብረው የሚያስጮኹ ሙሉ ኮርዶችን መጠቀም ጀመሩ። በዚያው ክበብ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል የተፈረደባቸው ሰዎች ስለነበሩ አባባሉ በብዙዎች ጆሮ ከወንጀሉ ጋር ተቆራኝቷል፤ በእኔ ግምት ይህ ለአባባሉም ለኮርዱም ፍትሕ አይደለም።

አሁን ጊታሩን እንያዘው። ኢ ማይነር ጀማሪ ሁሉ የሚማረው ኮርድ ነው፤ ኤ ክርና ዲ ክር ሁለተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መለያ) ላይ ይያዛሉ፣ ሌሎቹ አራት ክሮች ክፍት ይሆናሉ፣ ድምፁም የሚያዝን ግን የተረጋጋ ነው። በኤ ክር ላይ ያለውን ጣት አንሥተን ሌባ ጣትን በዚያው ክር አንደኛው ፍሬት ላይ እናሳርፍ፣ ዲ ክርን በመሃል ጣት እንያዝ። የተለወጠው አንድ ድምፅ፣ እርሱም በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከታች ወደ ላይ ስንቆጥር አሁን ያሉን ኢ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ እና ኢ ናቸው። ቢ ፍላት በኢ አንጻር ሲቆም ትራይቶን ነው፤ ያው ቢ ፍላት በላይኛው ክፍት ክር በሚጮኸው ቢ አንጻር ሲቆም ደግሞ ሁለተኛው ግጭት ነው። ቬርክማይስተር የጠቀሳቸው ሁለቱም ዲያብሎሶች በአንዲት ጣት እንቅስቃሴ በአንድ ኮርድ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። ቢ ፍላቱን ለብቻው ብንመታው ግን ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ማንንም የማያስፈራ ድምፅ ነው፤ ጨለማው የሚመጣው ከአጠገቡ በቆመው ነው።

ዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው ማዛባት፣ ሲጨመር ይህ ጠብ ለምን እንደሚጎላ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ወፍራሙ ኢ ክር በሴኮንድ 82.4 ጊዜ ይርገበገባል፣ በኤ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ያለው ቢ ደግሞ 123.5 ጊዜ። ዲስቶርሽን የሁለት ድምፆችን ልዩነት እንደ አዲስ ድምፅ ስለሚያወጣ ከፓወር ኮርዱ 41.1 ይወለዳል፤ ይህም ከኢ በታች ያለው ሌላ ኢ ስለሆነ ኮርዱን እንደ መሠረት ድንጋይ ይሸከመዋል። በቢ ፍላት ግን 116.5 ሲቀነስ 82.4 የሚሰጠው 34.1 ነው፤ እርሱም ከኢም ከቢ ፍላትም ጋር የማይስማማ፣ ማንም ያልጠራው ባዕድ ድምፅ ነው። በላይኛው በኩል ደግሞ የቢ ፍላቱ እጥፍ 233.1 ከክፍቱ ቢ 246.9 ጋር በሴኮንድ 14 ጊዜ ያህል ይላተማል፤ ጆሮ ይህን እንደ መሻከር ይሰማዋል። ስለዚህ ጌይኑን፣ ማለትም የማዛባቱን መጠን የሚወስነውን ማዞሪያ፣ እስከ መጨረሻው ያዞረ ሰው ኮርዱን አያጠቁረውም፣ ያጠፋዋል። ስድስቱ ድምፆች እየተጋጩ እንዲሰሙ ጌይኑ መቀነስ፣ የታችኛው ድምፅ መሳሳት፣ የላይኛው መሾል አለበት፤ የኖርዌዩ ድምፅ ቀጭንና ብርዳም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

የእኛን ቅኝት ያደመጠ ሰው አባባሉ በሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ያስተውላል። አንቺሆዬ ከሲ ሲጀመር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ይሆናል፤ በመነሻው ሲ እና በጂ ፍላት መካከል ያለው ርቀት ያው ትራይቶን ነው። በማሲንቆና በክራር ሲሰማ ያደገ ጆሮ ግን በዚህ ርቀት ዲያብሎስን አይሰማም፤ ቅኝቱ ለሁለቱም ድምፆች ቦታ ስለሰጣቸው የተጣላ ነገር የለም። ብላክ ሜታል የሚሠራ ወገናችን ትራይቶኑን አንቺሆዬ በሚያስተናግድበት መንገድ ብቻ ቢያስገባው ዘፈኑ ሊያምር ይችላል እንጂ አይጨልምም፤ እንዲጨልም ከፈለገ ድምፁን የማያውቀው ቤት ውስጥ፣ ክፍት የኢ ማይነር ክሮች እየጮኹ ማስገባት ይኖርበታል።

ወደ ያዝነው ኮርድ እንመለስ። ሌባ ጣትና መሃል ጣት ቅርጻቸውን ሳይለውጡ አንድ ፍሬት ወደ ላይ ይንሸራተቱ፤ ክፍቶቹ ክሮች እንዳሉ ይቀራሉ፣ የቀኝ እጅ መምቻም ሳያቋርጥ በፍጥነት ይመላለሳል። አሁን ከታች ወደ ላይ ያለው ኢ፣ ቢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ እና ኢ ነው፤ ኤፉ ከሁለቱ ክፍት ኢዎች ጋር በግማሽ ድምፅ ዝምድና ይፋጫል። ሌባ ጣታችን ያረፈበት ቢ ከጂ የሚነሣው መሰላል ሚ ነው፣ መሃል ጣታችን የያዘው ኤፍ ደግሞ ከሲ የሚነሣው መሰላል ፋ።