የጥይት ክሮኖግራፍ ምንድን ነው?

የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር ነው እንበል። ተኳሹ በሆዱ ተኝቷል። ሰደፉን ትከሻው ላይ አደላድሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ ብሎ ቃታውን ይስባል። ጥይቱ ግን ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ አረፈ። ምን ተፈጠረ? እጁ ነው? ንፋስ ነው? ወይስ ጥይቱ ራሱ ቀሰስ ብሎ ነው የወጣው?

የመጨረሻውን ጥያቄ በዓይን አይቶ መመለስ አይቻልም። የሚመልሰው ክሮኖግራፍ ነው። ክሮኖግራፍ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለውን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ጊዜ ጸሐፊ» እንደማለት ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ የእጅ ሰዓት አለ፤ እሱ ሌላ ነው።

ፍጥነቱ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ጥይት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለናል። አይሄድም። ከአፈሙዝ ከወጣባት ቅጽበት ጀምሮ ይወድቃል፣ ልክ ከእጅ እንዳመለጠ ድንጋይ። ቶሎ ከደረሰ ትንሽ ይወድቃል፤ ከዘገየ ብዙ።

በቁጥር እንየው። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የሚተኮሰው ባለ 5.6 ሚሊሜትር ጥይት 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። በሰከንድ 325 ሜትር ያህል ይዞ ይወጣል። ዒላማው ጋ ለመድረስ 0.16 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ 12 ሳንቲሜትር ገደማ ይወድቃል። ማነጣጠሪያው ለዚህ አስቀድሞ ስለተስተካከለ ተኳሹ አይታወቀውም። አሁን አንዱ ጥይት በሰከንድ 10 ሜትር ቢያንስስ? ሲሰላ 8 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። የ10 ነጥብ ክቧ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ናት። ነጥብ በአስርዮሽ ሲቆጠር 8 ሚሊሜትር አንድ ሙሉ ነጥብ ነው። የፍጻሜ ውድድር በ0.1 ነጥብ ሊለይ ይችላል። ሰውየው ምንም ሳያጠፋ ሜዳሊያ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዓመታት የለፋ ሰው የጥይቱን ጥፋት የራሱ ጥፋት አድርጎ እየወሰደ ደህናውን አተኳኮሱን ሊቀይር ይችላል።

የጥይትን ፍጥነት መለካት አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ እስካሁን ይገርመኛል። ከባድ እንጨት አንጠልጥሎ ይተኩስበታል። ጥይቱ ሲሰነቀርበት እንጨቱ ወደኋላ ይወዛወዛል። እንጨቱ ላይ የታሰረው ጥብጣብ ምን ያህል እንደተሳበ አይቶ ፍጥነቱን ያሰላል። ከዚያም ከሩቅ እየተኮሰ አየር ጥይትን ምን ያህል እንደሚገታው ለካ። በጊዜው ከሚታሰበው እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኘው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓይነት መጣ። ብዙ ተኳሾች የሚያውቁት በብርሃን የሚሠራውን ነው። ሁለት ዳሳሾች ተራርቀው ይቀመጣሉ። ጥይቱ በላያቸው ሲያልፍ ጥላውን ያነባሉ። ርቀታቸው 60 ሳንቲሜትር ከሆነ የኛ ጥይት በ0.0018 ሰከንድ ያልፋቸዋል። ርካሽና ቀላል ነው። ችግሩ ፀሐይና የአዳራሽ መብራት ያምታቱታል። ደግሞ ከአፈሙዙ ፊት ስለሚቆም ራሱ በጥይት ሊመታ ይችላል።

አሁን ሜዳውን የያዘው ራዳር ነው። አምቡላንስ በአጠገባችን ሲያልፍ የሳይረኑ ድምፅ ከቀጭን ወደ ወፍራም ይቀየራል አይደል? ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይህንኑ ነው። ራዳሩም ወደ ጥይቱ ሞገድ ይልካል። ከጥይቱ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ፣ ማለትም በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት (በኸርዝ ይለካል)፣ ተቀይሮ ይመጣል። በ24 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር በሰከንድ 325 ሜትር ከሚርቅ ጥይት 52 ሺህ ኸርዝ ያህል ልዩነት ያነባል። ከልዩነቱ ፍጥነቱ ይታወቃል።

ይህ ቴክኖሎጂ በፊት የጦር ሠራዊትና የትልልቅ ፋብሪካዎች ነበር። ዛሬ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጋርሚን የተባለው ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዜሮ ሲ-1 ፕሮ 100 ግራም ገደማ ነው። ከጠመንጃው ጎን በትንሽ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ አለቀ። ላብራዳር የሚባለው የመጀመሪያው ሞዴል ደግሞ ተለቅ ይላል፤ ጥይቱን በጉዞው ላይ ስለሚከተል በየርቀቱ ስንት እንደቀነሰ ይነግርሃል። ከዚያ ጥይቱ አየርን የመሰንጠቅ ብቃቱ ይሰላል።

አንድ ቁጥር ብቻውን ግን ብዙም አይጠቅምም። ቢያንስ አሥር ጥይት ተኩስና ተርታውን ተመልከት። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ 325፣ 327፣ 324፣ 326፣ 311 አሉ እንበል። አምስተኛው ዒላማው ላይ ዝቅ ብሎ መቷል? እንግዲያው እጅህን አትውቀስ። ዝቅ ያለው 326 የሚል ቁጥር ያለው ከሆነ ግን ጥይቱ ነጻ ነው። ወይ ንፋሱን አይ፣ ወይ ራስህን። ከሁሉ በላይ የምወደው ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለይልሃል።

ክሮኖግራፍ የማያየውም አለ። ንፋስን አያይም። የአፈሙዙንም መንቀጥቀጥ አያይም። ለዚህ ነው ምርጥ ተኳሾች ጠመንጃቸውን ይዘው እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም፣ ወደ ኤሊ ጥይት ፋብሪካ የሚሄዱት። እዚያ ጠመንጃው በብረት ይታሰራል። የተለያየ ባች (አንድ ላይ የተመረተ) ጥይት ይተኮስበታል። የሰው እጅ የለበትም። ከዚያ ከጠመንጃቸው ጋር የተስማማውን ባች ገዝተው ይመለሳሉ።

በባያትሎን ደግሞ ብርድ ይጨመራል። በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መጥተው የሚተኩሱት ያንኑ ባለ 5.6 ሚሊሜትር ጥይት ነው። በብርድ ባሩዱ በሌላ ፍጥነት ይቃጠላል፣ አየሩም ይወፍራል። በሞቀ አዳራሽ የተለካው ቁጥር እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ጥይቱ መጀመሪያ ውጪ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል፣ ክሮኖግራፉም በረዶው ላይ ይተከላል፣ ልኬቱ ከ«ሀ» ይጀመራል።